ለአርባ አንዱ ጠመንጃ ጠባቂ፣ ባሉበት

ለተከበሩ የቀድሞ የወረዳችን የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ አሁን በፈጣሪ ፈቃድና በራስዎ ጥረት ወደ ዞን ከፍ ላሉት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ከአጠገብዎ የማይለዩት ስድስት ጠባቂዎችዎ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። በእኛ አገር ወግ «ናጋ» ተባብለን፣ ከብቱ ሰላም፣ ልጁ ሰላም፣ ውሃው ሰላም እያልን አንድ በአንድ ካልተጠያየቅን ሰላምታው ሞላ አይባልም። ይሁን እንጂ ከብቱ ስለሌለ፣ ልጁም ስለሌለ፣ ውሃውም ላይ ነገር ስላለ፣ ለዛሬው አጠር አድርጌ በእርስዎ ጤና ላይ ብቻ ለማተኮር ተገድጃለሁ። ጤናዎ እጅግ ያማረ መሆኑን ባለፈው ሚያዝያ በዓይኔ አይቼ ተደስቻለሁ።

እኔ አምሀ ተድላ እባላለሁ። አባቴ ከሰሜን በፖሊስነት ተመድበው መጥተው ነጌሌ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ ላለፉት ሃያ ስምንት ዓመታት ፍርድ ቤት በር ላይ በአንድ ጠረጴዛና በአንድ የጽሕፈት መኪና ማመልከቻ እየጻፍኩ እኖራለሁ። ፊቴን ባያስታውሱ ድምፄን ያስታውሱት ይሆናል። አምና በኅዳር፣ ኤላ ዲማ ጉድጓድ አፍ ላይ፣ ከግራሩ ሥር ቆመው ሲናገሩ፣ የመጣው አስተርጓሚ ሆዱን ታሞ ስለነበር ቃልዎን ወደ ኦሮምኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ጽፌያለሁ፣ ብዙ ነገርም ተርጉሜያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ሥራዬ የሚቆጨኝ ግን የለም።

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ነውና እርስዎ የሚያውቁትን የማያውቅ ሰውም ያነበዋል። ስለዚህ ትዕግሥትዎን ለምኜ ስለ ጉድጓዱ ጥቂት ልበል። ኤላ ዲማ ከነጌሌ በስተደቡብ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ ስለሆነ በበጋ ውሃው የሚወጣው ሰባት ስምንት ጎልማሶች በመሰላል ላይ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ ባልዲ እየተቀባበሉና እየዘፈኑ ነው። እጁ ባልዲ የያዘ ሰው ጠመንጃ መያዝ አይችልም፤ በውሃ ተራ ሰበብ ጠብ ቢነሳም መሣሪያ ከአጠገብ ባይኖር ይሻላል። ስለዚህ ወደ ጉድጓዱ የመጣ ሁሉ ጠመንጃውን ከግራሩ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎ ይወርዳል። ከግራሩ ሥር የሚቀመጠው የውሃውን ተራ የሚመራው ሽማግሌ ነው፤ አባ ሄሬጋ ይሉታል። እሱም የመጨረሻው ሰው ከጉድጓዱ ወጥቶ መሣሪያውን ከቅርንጫፉ እስኪያወርድ ድረስ ከቦታው አይነሳም፣ ከውሃውም ጠብታ አይቀምስም። መሣሪያውን በሰቀለው ሰው ላይ በዚያ መሃል ክፉ ነገር ቢደርስ የሚጠየቀው ጉዳት አድራሹ ብቻ አይደለም፤ ጠባቂውም ይጠየቃል፣ ነገሩ እስኪፈታም ድረስ ከዚያ ጉድጓድ አይጠጣም። ጠባቂውን ያመጣው ወይም ዋስ የሆነለት ሰው ካለ እሱም እንዲሁ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ወረቀት የለም፤ ጠባቂን ወረቀት መጠየቅ ሌባ ነህ ብሎ ፊቱ ላይ እንደመናገር ይቆጠራል።

የኤላ ዲማ አባ ሄሬጋ ኦቦ ጃታኒ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመት ይሆናቸዋል፤ ከሃያ ዓመት በፊት የመጀመሪያ ማመልከቻቸውን ጽፌላቸው ከዚያ ወዲህ ወንድማማች ሆነናል። ይህ ደብዳቤ የእሳቸው ጉዳይ ነው። እሳቸው ግን እንድጽፍ አላዘዙኝም፤ ወረቀት አይወዱም።

አሁን ወደ ምስጋናዎቼ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ምዝገባው። እነዚያ ጠመንጃዎች ከሰማይ አልወረዱም። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ፣ አሮጌው ሄዶ አዲሱ ገና ሳይደርስ በቆየባቸው ወራት፣ እዚህ ቆላ ከብቱን የሚጠብቅለት ያጣ ሰው ሁሉ ጊደር እየሸጠ መሣሪያ ገዛ። አዲሱም ሲደርስ ነገሩን አይቶ፣ እኔ በየጉድጓዱ እስክደርስ ራሳችሁን ጠብቁ ብሎ ፈቃድ ሰጠ። እደርሳለሁ ያለበት ቀን እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ፈቃዱ ግን በየጊዜው ይታደስ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ጽሕፈት ቤትዎ ሁሉም መሣሪያውን እንደ አዲስ እንዲያስመዘግብ አዘዘ። ምዝገባ ማለት መውሰድ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም መብታችንን እንደሚያጠብቅልን በድምፅ ማጉያ ተነገረን። የኤላ ዲማ ሰዎችን ቅጽ የሞላሁት እኔው ነኝ። የኦቦ ጃታኒን ምንሽር፣ የልጃቸውን የአረሮን ክላሽ፣ ከእነሱ መንጋ ጋር ጥቂት ከብቶች ስለነበሩኝ እዚያው ይቀመጥ የነበረውን የአባቴን ቤልጅግ፣ የሁሉንም ቁጥርና የጥይት ብዛት ሳይቀር በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፍኩ። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ያ ዝርዝር፣ ያው የገዛ እጅ ጽሑፌ፣ በእርስዎ ፋይል ውስጥ ሆኖ ተመለሰና ማን ምን እንደሚያስረክብ በስም ተጠራበት። ጽሑፌ በቀላሉ እንደሚነበብ ስላረጋገጡልኝ አመሰግናለሁ። ሽፍቶቹ ለምን ለምዝገባ እንዳልመጡ ብዙ አስቤበታለሁ፤ ምናልባት ጉርድ ፎቶግራፍ አጥተው ይሆናል።

እዚህ ላይ አቋሜን ሳልደብቅ ልናገር፤ ነገ ሌላ ሰው ሹክ ከሚልዎት ከእኔው ይስሙት። እኔ ሰው በቤቱ ጠመንጃ ይኑረው ከሚሉት ወገን ነኝ። ጠመንጃ ስለምወድ አይደለም፤ የአባቴን ቤልጅግ በሕይወቴ አራት ጊዜ ብቻ ተኩሼበታለሁ፣ አንዱም ጅብ ነው፣ እሱንም ስቼዋለሁ። ነገር ግን ፖሊስ ለመድረስ ግማሽ ቀን በሚፈጅበት አገር፣ ያንን ግማሽ ቀን ሰውየው በምን ይቆያል ለሚለው ጥያቄ ከእርስዎም ሆነ ከእርስዎ በፊት ከነበሩት መልስ ሰምቼ አላውቅም። የማይመጣ ሰው እኔ እስክመጣ የያዝከውን ጣል ሲል ቢያንስ አለመምጣቱን ማመን ነበረበት። ይህን ማለት ወንጀል ከሆነ አድራሻዬ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ነው፤ ብዙ መሄድም አያስፈልገኝም።

ሁለተኛ፤ ስለ ርክክቡ። ያን ቀን በሁለት መኪና መጡ። ዘመኑ የሰላም መሆኑን፣ የጸጥታ ኃይል በአቅራቢያው እንደሚሰፍር፣ መሣሪያው በመንግሥት እጅ እንደ አደራ እንደሚቀመጥ ተናገሩ፤ ተረጎምኩ። ሰዉ ሰማና ወደ ኦቦ ጃታኒ ዞረ። ኦቦ ጃታኒም ተነሥተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ጠመንጃው ተመልሶ ግራሩ ላይ እስኪሰቀል ድረስ ጠባቂው አንቱ ነዎት ወይ አሉ። ጠባቂ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ከላይ የጻፍኩትን ያህል፣ አንድም ሳላስቀር ተርጉሜልዎታለሁ። እርስዎም ፈገግ ብለው፣ የሽማግሌውን ትከሻ መታ መታ አድርገው፣ አዎ ጠባቂያችሁ እኔ ነኝ አሉ። ወዲያውም ከሾፌርዎ አንድ ሃይላንድ ተቀብለው ግማሹን ባንድ ትንፋሽ ጠጡ።

ያች ሃይላንድ ከእርስዎ በኋላ ብዙ አከራክራለች። ጠባቂ ነኝ ብሎ በዚያው አፉ ውሃ ጠጣ ያሉ ነበሩ። ኦቦ ጃታኒ ግን ዳኝተው፣ ውሃው ከጉድጓዱ ስላልወጣ ቃሉ አልፈረሰም፣ ሰውየውም እንግዳ ነው፣ መንገድ አድክሞታል ብለው ዘጉት። እርስዎን የሚመለከት ክርክር በእርስዎ ወገን የተፈረደው ያኔ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ልክ ቅን ልብ ያለው ዳኛ ግን ዳግመኛ የሚያገኙ አይመስለኝም።

አርባ አንዱ ጠመንጃ እንደ ማገዶ እንጨት በገመድ ታስሮ መኪናው ላይ ተጫነ። እኔ የወረቀት ሰው ነኝና ብዕሬን ከኪሴ አውጥቼ ደረሰኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ኦቦ ጃታኒ አዩኝ። ጠባቂውን በሰው ፊት ልታዋርደው ነው ወይ የሚል አስተያየት ነበር። ብዕሬን ወደ ኪሴ መለስኩ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ገበሬውንም ነጋዴውንም ያለ ወረቀት ምንም እንዳትሰጥ እያልኩ የምመክር ሰው፣ በዚያች ደቂቃ ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ እንዳይመስልዎት ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ጥበቃዎ። በጥር ወር፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ከየት እንደመጡ እስከ ዛሬ ያልታወቁ የታጠቁ ሰዎች ኤላ ዲማ ላይ ደረሱ። ሰባት ሰው መሰላሉ ላይ ነበር፤ ከላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተራውን የያዘው አረሮ ነበር። ተኩስ ሲሰማ ባልዲውን ጥሎ ወጣና በቀጥታ ወደ ግራሩ ሮጠ። አባቱ ሥሩ ተቀምጠው ነበር፤ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። አረሮ እንደ ልማዱ እጁን ወደዚያች ክላሹ ወደምትሰቀልባት ቅርንጫፍ ዘረጋ። ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደው ነውና እጁ ረስቶ ነው። እጁን እንደዘረጋ መቱት፤ አባቱ እግር ሥር ወደቀ። ሰላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ሚስቱ ጡሜ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከጊዜ በኋላ ሴት ልጅ ወለደች።

ከብቱ ተነድቶ ሄደ። ስልክ ተደወለ፤ መኪናው ለስብሰባ ቡሌ ሆራ መሄዱ ተነገረን። እንደገና ተደወለ፤ ስብሰባው እንዳላለቀ ተነገረን። የስብሰባው ርእስ የማኅበረሰብ ጥበቃ እንደነበር በኋላ ሰምቼ እጅግ ተጽናንቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ሰዎችዎ ደርሰው ከመሬት ላይ ቀለሃ ለቀሙና በላስቲክ ቋጥረው ሄዱ። አንድ ነገር ግን ልመስክር፤ የለቀሙትን ቀለሃ ቆጥረው ፈርመው ነው የወሰዱት።

አራተኛ፤ ስለ ሪፖርቱ። የጽሕፈት ቤትዎ ማተሚያ ተበላሽቶ ስለነበር ሪፖርቱ እንድተይበው ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣ። የጉዳቱ መንስኤ በሚለው ሥር፣ የአካባቢው ኅብረተሰብ ራሱን የመከላከል ዝግጁነቱ ዝቅተኛ መሆን ይላል። እንዳለ ተየብኩት። ሁለት የፊደል ግድፈት ነበረበት፤ አርሜዋለሁ። ሌላውን ለማረም ሥልጣን አልነበረኝም።

አምስተኛ፤ ስለ መዝገቡ። በየካቲት እርስዎ ወደ ዞን አደጉ። እኛም በምትክዎ የተቀመጡትን ሰው ጠመንጃችንን ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸውም ወንበሩን እንጂ መሣሪያውን አልተረከብኩም አሉን። ንብረት ክፍሉ ወደ ዞን ተልኳል አለን፤ ዞን ሄደን ወረዳ ነው ያለው ተባልን። ከዋደራ መንገድ እስከ ሜጋ ድረስ ያለውን ቢሮ ሁሉ እግራችን እስኪቀጥን ተመላለስንበት። አርባ አንድ ጠመንጃ ከነቁጥራቸው፣ ከነጥይታቸው፣ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። በየሄድንበት የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ደረሰኝ አላችሁ ወይ ይላሉ። የለንም ስንል እንግዲያውስ ምን ሰጣችሁና ይሉናል። በእኔ እጅ የቀረው የምዝገባው ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱን ሳሳይ ደግሞ ይህ መሣሪያው እጃችሁ ላይ እንደነበረ እንጂ እንዳስረከባችሁ አያሳይም፣ ምናልባትም ደብቃችሁት ይሆናል ተባልን። በዚህ ምክንያት ሁለት ሰዎች ለአራት ቀን ታስረው ተፈትተዋል። ያስረከቡትን መሣሪያ አላስረከባችሁም ተብለው የታሰሩ ሰዎችን ዋስትና ማመልከቻ መጻፍ ለእኔ አዲስ ልምድ ስለሆነ፣ ስለ ዕድሉ አመሰግናለሁ።

ስድስተኛ፤ ስለ ውሃው። ዋናው ነገሬ ይህ ነው፤ ሌላውን ቢዘሉት እንኳ ይህን እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

ኦቦ ጃታኒ አረሮን በቀበሩ ማግሥት ጉድጓዱ አፍ ላይ ሽማግሌዎችን ሰብስበው ለጠባቂው ዋስ የሆንኩላችሁ እኔ ነኝ አሉ። ጠመንጃዎቹ ተመልሰው ግራሩ ላይ እስኪሰቀሉ ድረስ ከኤላ ዲማ ውሃ አልጠጣም አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ሽማግሌዎቹም ለምነዋቸዋል። እኔም ሄጄ ለምኛለሁ። መንግሥትና ግራር አንድ አይደለም፣ ሰውየው ወጉን አያውቀውም፣ እንደ ቀልድ ነው የተናገረው አልኳቸው። አንተ ተርጉመህለት የለም ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ። እንግዲያው ያውቃል አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡሜ መጀመሪያ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ኋላም ልጇን አዝላ፣ አህያ እየነዳች፣ ለአማቷ የሚጠጣ ውሃ ከኩሬ በጀሪካን ታመጣለች፤ መሄጃው ሁለት ሰዓት መመለሻው ሁለት ሰዓት ነው። ኩሬው ሲደርቅ ከከተማ የሚመጣ መኪና ትጠብቃለች። አብረዋቸው የሚኖሩት ሁሉ ከጉድጓዱ ይጠጣሉ፣ ከብት የተረፈለትም ያጠጣል፣ እሳቸው ግን የውሃውን ተራ ሲመሩ ይውሉና በደረቀ ከንፈር ወደ ቤት ይገባሉ። ወላጆቻቸው የቆፈሩት ጉድጓድ ነው። ባለፈው ጥቅምት ነጌሌ አምጥቼ አሳከምኳቸው። ሐኪሙ ኩላሊታቸው መጎዳቱን ነግሮ በቀን ሦስት ሊትር ንጹሕ ውሃ እንዲጠጡ አዘዘ። ትእዛዙን ስተረጉምላቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ወደ ቤቴ ገብቼ ባለቤቴ ወለተሐና ውሃ ስታቀርብልኝ መጠጣት አቅቶኝ አለቀስኩ፤ ይህንንም የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው።

ሰባተኛ፤ ስለ ምስክር ወረቀቱ። ባለፈው ሚያዝያ ኤላ ዲማን ከጦር መሣሪያ ነፃ የሆነ አርአያ ቀበሌ ብለው ለመሸለም፣ በሦስት መኪናና በስድስት ጠባቂዎች ታጅበው መጡ። ባነር ተሰቀለ። ወረቀቱ መስታወት የተገጠመለት፣ ማኅተም ያለበት፣ በእውነት የሚያምር ወረቀት ነው። ኦቦ ጃታኒ ቀስ ብለው ተነሥተው፣ ጠባቂዬ በመጨረሻ መጣ ብለው ነው መሰለኝ ፊታቸው በርቶ፣ ተቀበሉዎት። ከዚያም የጉድጓዱ ወግ ነውና አጃቢዎችዎ ጠመንጃቸውን ግራሩ ላይ እንዲሰቅሉ በትሕትና ጠየቁ፤ ተረጎምኩ። እርስዎ በስልክ ይነጋገሩ ነበር። የመለሰው የአጃቢዎቹ አለቃ ነው። የመንግሥት መሣሪያ ያለ ደረሰኝ ለማንም አይሰጥም፣ ደንቡ ነው አለ። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ያለውም ልክ ነው።

ኦቦ ጃታኒ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ደረሰኝ ምንድን ነው አሉኝ። አንድ ሰው የሰጠኸውን ነገር በኋላ አልሰጠኸኝም እንዳይልህ የሚፈርምልህ ወረቀት ነው አልኳቸው።  ያኔ ብዕርህን ያወጣኸው ለዚህ ነበር ወይ አሉኝ። ለዚህ ነበር አልኩ።  እርስዎ ስልክዎን ጨርሰው ምስክር ወረቀቱን ሲያስጨብጧቸውና ፎቶግራፍ ሲነሣ፣ እሳቸው ካሜራውን ሳይሆን ያችን ባዶ ቅርንጫፍ ያዩ ነበር። ፎቶግራፉ በጽሕፈት ቤታችሁ ገጽ ላይ ወጥቷል፤ ደስታ የገነፈለበት ሽማግሌ ከሚል ጽሑፍ ጋር።

እንግዲህ ምን እንደምጠይቅዎ ሳስብ ብዙ ተቸገርኩ። ጠመንጃዎቹ ይመለሱልን ብዬ አሥራ አራት ጊዜ ስለጻፍኩ፣ አሥራ አምስተኛው የተለየ ነገር ያመጣል ብዬ አላምንም። ከብቱን አልጠይቅም። አረሮንም አልጠይቅም። ሰዉ ራሱን እንዲጠብቅ ይፈቀድለት ብዬም አልከራከርም፤ ያልተፈቀደለት አሁንም እንዳልተፈቀደለት ነው፣ የማይመጣውም አሁንም እንዳልመጣ ነው። ተስፋ ቆርጬ ነው የምጽፈው፤ ይህን ማወቅዎ ያሳርፍዎ ይሆናል።

የምለምነው አንዲት ነገር ነው። አንድ ቀን፣ ሥራ የማይበዛበት ቀን፣ ወደ ኤላ ዲማ ይምጡ። ንግግር አያስፈልግም፣ ባነርም አያስፈልግም። ከአርባ አንዱ አንድ ጠመንጃ፣ የአባቴ ቤልጅግም ቢሆን፣ መርፌው ቢሰበርም ግድ የለም፣ ይዘው ይምጡና ግራሩ ላይ ይስቀሉት። የቀሩት አርባው በመንገድ ላይ ናቸው ብለን ለኦቦ ጃታኒ እነግራቸዋለን፤ እኔው ተርጉሜ እዋሻለሁ፣ ኃጢአቱን ለእኔ ይተዉት። እሳቸው ከአባቶቻቸው ጉድጓድ አንድ ኩባያ ይጠጡ። ይህ ካልሆነ፣ ጠመንጃም ከጠፋ፣ ራስዎን ብቻ ያምጡና ከጠዋት እስከ ማታ ከግራሩ ሥር አጠገባቸው ይቀመጡ። ሃይላንድ ይዘው መምጣት ይችላሉ፤ በዚያ ላይ ፍርድ ተሰጥቶበታል።

ይህን ስጽፍ ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ከዞንም ወደ ክልል፣ ከክልልም ወደ ላይ ከፍ እንዲሉ፣ የሚጠብቋቸውም ሰዎች ቁጥር በዚያው ልክ እንዲበዛ እመኛለሁ። ምን ያህል ሰው በእርስዎ ጥበቃ ሥር እንደሚገባ ሳስብ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

የእርስዎ ታዛዥ፣ የቃልዎ አስተርጓሚ፣ የዝርዝርዎ ጸሐፊ፣ ደረሰኝ ያልጠየቀው፣

አምሀ ተድላ
ነጌሌ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ከግራ ሁለተኛው ጠረጴዛ

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ሁሉ፣ የሚመለከተው ካለ

አባሪ፦ አንድ የምስክር ወረቀት፣ ከነመስታወቱ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳላትመው ጡሜ ከነአህያዋ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። ኦቦ ጃታኒ ማክሰኞ አርፈዋል። በመጨረሻው ሰዓት የኤላ ዲማን ውሃ አምጪልኝ አሏት። አማቷ ቃላቸውን አፍርሰው እንዲሞቱ አልወደደችም፣ ጠምቷቸው እንዲሞቱም አልወደደችም። ስለዚህ ከጀሪካኑ ቀድታ ከጉድጓዱ ነው ብላ ሰጠቻቸው። ቀመሱት። ከዚያ እጇን ይዘው መረቋት፤ ማወቃቸውን ያወቀችው ያኔ ነው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ነገሩ በሞት እንዳልተፈታ፣ ጠባቂው ገና በሕይወት እንዳለ ወስነዋል፤ ስለዚህ እርስዎ ከኤላ ዲማ ውሃ እንዳይጠጡ አሳውቅዎ ዘንድ ታዝዣለሁ። የምስክር ወረቀቱን ግን ከእኛ ጋር ማቆየቱ አልተገባንም ብለው መልሰው ልከውልዎታል። ያመጣችልዎት ሴት ጡሜ ነች፤ በር ላይ ትጠብቃለች። መቀበልዎን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ሳይፈርሙላት እንዳይመልሷት በትሕትና እለምናለሁ።